ቅዳሜ አይደርስም

መጀመሪያ ያየሁት ጀርባውን ነው። ሸሚዙ ላይ ሳጋቱራ እንደ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ረጅም ጣውላ ላይ አጎንብሶ መላጊያውን ይገፋል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አልዞረም። ደግሜ ጠረግሁ። ያኔም ሳይዞር፣ ጉንፋን ከያዘዎት አቧራው ይብስብዎታልና ውጭ ቢጠብቁኝ ይሻላል አለኝ።

የመጻሕፍት መደርደሪያ ፈልጌ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የውል ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም፤ መጻሕፍቴ ወለሉ ላይ ተከምረው ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ የምረግጠው እነሱን ነበር። የግድግዳዬን ስፋት ነገርኩትና ለቅዳሜ ይደርስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቅዳሜ አይደርስም።»

«ለሚቀጥለውስ?»

«ለሱም አይደርስም። እንጨቱ እርጥብ ነው። የወሩ መጨረሻ ላይ ይምጡ።»

ሥራ እንዲህ የሚገፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ለመውጣት ያህል «እሺ» አልኩና ጥቂት በሮች አልፎ ወዳለው ሌላ አናጢ ገባሁ። እሱ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነው። ለእርስዎማ ዓርብም ይደርሳል አለኝ። ዓርብ ስሄድ ነገ አለኝ። በነገው መብራት ጠፋ፣ ከዚያ ኮላ አለቀ፣ ከዚያ አክስቱ ሞቱ። ትንሽ ቆይቶ ያቺው አክስት እንደገና ሞቱ። በመጨረሻ መደርደሪያው መጣልኝ፤ መጻሕፍቴን ስደረድርበት መሃሉ እንደ አሮጌ አልጋ ሰመጠ።

ወደ መጀመሪያው ሰው ተመልሼ ስገባ ገና አፌን ሳልከፍት ግድግዳው ላይ የተደገፈ ነገር በእጁ አሳየኝ።

«የእርስዎ ደርሷል። ይውሰዱት።»

እኔ መች አዘዝኩ አልኩት።

«እሺ ብለው ነበር» አለ።

አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ሰው እሺ ብሎ እሺ ማለቱ አለመሆኑ በእውነት ግራ ገብቶት ነበር። የሰፈሩ ሰው «አይደርስም» ብሎ እንደሚጠራው የሰማሁት በኋላ ነው። አይደርስም መጣ፣ አይደርስም ሄደ ይሉታል፤ እሱም ይስቃል። አባቱ በዚያው የእንጨት ሥራ ቤት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ሙያ ሲያስተምሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ ብዙ አላስጠኗቸውም። አዎን ያላችሁት አዎን፣ አይደለም ያላችሁት አይደለም ይሁን። ወንድምህ ከተቀየመህ መባህን እዚያው ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ። እነዚህን ኑሩባቸው፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደረስበታል ይሏቸው ነበር አሉ።

ከመደርደሪያው በኋላ ጠረጴዛ አስፈለገኝ። ከጠረጴዛው በኋላ ወንበር። ወንበሩ ላይ ግን ብዙም አልተቀመጥኩበትም፤ ከኮሌጅ ስወጣ የምቀመጠው እሱ ዘንድ፣ ጣውላ ክምር ላይ ነበር። «እርስዎ» ማለቱን የተወው ከጣቴ ስንጥር ሲያወጣልኝ ነው። «አትንቀሳቀሺ» አለኝና ከኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ። ስንጥሩ ወጥቶ እንኳ እጄን አልለቀቀም።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ መሮ እየሳለ።

«እሺ።»

መሮውን አስቀመጠ።

«የትኛው እሺ ነው? የመደርደሪያው ነው?»

«የእውነቱ ነው።»

እናቴ ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከደስታ አልነበረም። ሕግ ያስተማርኩሽ ለመላጊያ ነው ወይ አሉኝ። አክስቶቼ ባሉበት፣ ልጄ ከእንግዲህ ትራሷ ሳጋቱራ ነው ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያኔ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

አንድ ያልተነካ ነገር ግን ነበረ። ታላቅ ወንድሙ። በዚያ ሰፈር እንደሱ ያለ ባለሙያ አልነበረም ይላሉ፤ ወንበር ላይ ወይን ሲቀርጽ ዘለላው የሚቆረጥ ይመስል ነበር አሉ። በኋላ የመጋዙ ማሽን የቀኝ እጁን ጣቶች በላቸው። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ። ሥራውን ትቶ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነ፤ ከወንድሙም ጋር አይነጋገርም። ለምን እንደተኳረፉ ጠይቄው ነበር። ከአደጋው በኋላ ራቀኝ አለኝ። እውነት ነበር። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም።

በሠርጋችን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ላይ ለሱ አንድ ወንበር ተለይቶ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ መጥተዋል፣ ተማሪዎቼ መጥተዋል፣ እናቴ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው ተቆጥተው ተቀምጠዋል። ወንበሩ ባዶ ነበር። ቄሱ ሥርዓቱን ሲጀምሩ ሙሽራዬ ዓይኑን ከወንበሩ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ወደኔ ዘንበል አለ።

«መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«የምን መከላከያ?»

«የማሽኑን። ጋሼ አትፍታ ብሎኝ ነበር። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፈታሁትና ረሳሁት። እሱ ሳያውቅ እጁን ሰደደ።»

«ይህን አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም...»

ሰው እሱን የማይዋሽ ብሎ ያውቀዋል፤ አልዋሸም። ማሽን ነው፣ አደጋ ነው ያሉት ሌሎች ናቸው። እሱ ዝም ብሎ ነበር። ጥሪውን እንኳ በሰው ልኮ ነው እንጂ ወንድሙ ደጅ ራሱ አልሄደም። ባዶውን ወንበር ሲያይ ግን ከዚህ በላይ አልቻለም። ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ፤ ልጄ፣ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ትሄዳለህ አሉት በሹክሹክታ። «መጀመሪያ ነው የሚለው አባ» አላቸው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወጥቶ ሄደ።

ሰዉ ሹክሹክታ ጀመረ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ይሄም አልደረሰም አለና ጓደኞቹ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። እናቴ ክርኔን ጨብጠው፣ ብትከተዪው ልጄ አይደለሽም አሉኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩት።

ወንድሙ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ከእግር እስከ ራስ ቃኘን።

«ሙሽሮቹ መንገድ ጠፋባችሁ እንዴ?»

«ጋሼ፣ መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«አልሰማሁህም።»

ደገመለት። ወንድሙ ጭነት ወደሚያወርዱት ሰዎች ዞረና ሥራ አቁመው እንዲሰሙ ጠራቸው። «ጮክ በል፤ እነሱም ይስሙ።» ባሌ ለሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ ተናገረ። ከሰዎቹ አንዱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ወንድሙ ግን ሳቀ።

«ይቅር በለኝ ጋሼ።»

«ይቅር ብልህ አንተ ዛሬ ተኝተህ ታድራለህ። እኔ ነገም የሸሚዜን ቁልፍ በጥርሴ ነው የምይዘው።»

ባሌ ቆመ። አልሄደም፣ አልለመነም። ያ መቆሙ ይመስለኛል ወንድሙን የባሰ ያናደደው።

«እሺ እንግዲህ፣ ወንበርህን ልሙላልህ» አለ በመጨረሻ። «መሮም፣ መላጊያም፣ መጋዝም ዕድሜህን ሙሉ እንዳትነካ። እንደኔ ሁን። ይህን አዎን ካልክ ቆቤን አድርጌ እመጣለሁ።»

ይህማ ፍርድ አይደለም ማለት ጀመርኩ። አንቺን የጠየቀሽ የለም አለኝ። ባሌ ግን መደርደሪያ የሚደርስበትን ቀን እንደሚናገር ሰው ነበር።

«አዎን» አለ።

ያን ጊዜ የወንድሙ ፊት ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አይቻለሁ። ድል መስሎኝ ነበር።

ሦስታችን በእግራችን ተመለስን። ከእንግዶቹ ግማሾቹ ሄደዋል፤ እናቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ተጋባን። በፎቶግራፉ ላይ ወንድሙ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቷል።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ተዘጋ። መሣሪያዎቹን የወሰዳቸው ያ አክስቱ ሁለት ጊዜ የሞቱበት አናጢ ነው። ባሌ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል አመላላሽ ሆነ። አለቆቹ ወደዱት፤ ያለውን ሰዓት ስለሚያከብር። ማታ ሲመጣ ልብሱ ንጹሕ ነበር። ያን ንጹሕ ልብስ አልወደድኩትም።

ተዋደን ኖርን። ይህን አጭር አድርጌ የማልፈው ስለሚያንስ አይደለም፤ የኔ ስለሆነ ነው። በቤታችን ከሱ እጅ የወጣው መደርደሪያው፣ ጠረጴዛውና ወንበሩ ብቻ ነበሩ። እሁድ እሁድ መጻሕፍቴን አውርዶ መደርደሪያውን በጨርቅ ይወለውላል፤ ጫፉን በመዳፉ ይከተላል። ነካኸው እለዋለሁ። መወልወል መንካት አይደለም ይለኛል። እንስቅ ነበር።

ከዚያ የቤታችን በር ተጣመመ። ማጠፊያው ረግቦ ታችኛው ጫፉ ወለሉን እየፋቀ ይጮኻል፤ ለመዝጋት በትከሻ ነው የሚገፋው። ማታ ባሌ ከሥራ መግባቱን የማውቀው በዚያ ጩኸት ነበር። ጎረቤት እስኪያማርር ሲብስ ያንኑ አናጢ ጠራነው። ነገ እያለ ሰነበተና አንድ ቀን መጣ፤ ከቦርሳው ያወጣው የባሌን መላጊያ ነው። በሩን አወረደና የማይላገውን ወገን ይልግ ጀመር። ባሌ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አጠገቡ ቆሟል። በሌላው በኩል ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም። በኋላ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ ማሳየትም መሥራት ይመስለኛል አለኝ። በሩ ከቀድሞው ብሶ ተሰቀለ።

እዚያ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ባለሙያ ነኝ፤ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ሰው በዚያ ሁኔታ ተይዞ የሰጠው ቃል በየትኛውም ሕግ እንደማይጸና አንድ በአንድ አስረዳሁት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አዎን ብያለሁ» አለ።

«እንግዲያው ሄደህ ፍታኝ በለው።»

«እሱ ጣቶቼን መልሱልኝ ብሎ ማንን ለመነ?»

ወንድሙ አልፎ አልፎ ይጠይቀን ነበር። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ጥቂት ያወራል። ሲገባም ሲወጣም በሩ ላይ ይቆማል።

«ይህ በር ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ተጣሞ ነው ጋሼ።»

«አናጢ አጥታችሁ ነው?»

«አዎን ጋሼ።»

ወንድሙ ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ቆቡን አድርጎ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር እንዲሁ ነው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ጥርሴን እነክሳለሁ። ቁስል ላይ ጣት እንደመስደድ ነበር የሚታየኝ፤ ያውም በሌለው ጣት።

ባሌ ሲታመም ፈጥኖ ነው የሄደው። ሳምባው ነበር። በመጨረሻው ቀን ወንድሙ ሆስፒታል መጥቶ እግርጌው ቆሞ፣ አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋውና ወጣ። ባሌ ዓይኑን ገለጠ።

«ጋሼ ከመጣ በሩን አትዝጊበት። እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

ፈገግ አለ።

«የትኛው እሺ ነው?»

መልስ አልሰጠሁትም። ነርሷ ገባች፣ እኔን አስወጡኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ተበትኖ እናቴም ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ወንድሙ መጣ። በሩን በሁለት እጄ ስቤ ከፈትኩና መሃሉ ላይ ቆምኩ። ይግቡ አላልኩም።

«አንድ ሳምንት አይቆይም ብዬ ነበር» አለ። «በሠርጋችሁ ቀን ያልኩት... ከተናደደ አፍ የወጣ ነው። ይስቅብኛል፣ መሮውን ያነሳል፣ ከዚያ እኔም እስቅበታለሁ፣ ተካክሰናል እለዋለሁ ብዬ ነበር። በሩን የምጠይቀው እኮ... ፍቀድልኝ እንዲለኝ ነው። አንድ ጊዜ ቢለኝ።»

ሠርጋችን ቀን ፊቱ ላይ ያለፈው ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፈርቶ ነበር። ወንድሙ አዎን ይላል ብሎ አላሰበም። ካለ በኋላ ደግሞ መሻር አቃተው። አንዱ እስኪለመን ጠበቀ፤ ሌላው ቃሉን ጠበቀ። በመሃል የባሌ እጆች አለቁ።

«አንድ ጊዜ እርስዎ ቢሉትስ ኖሮ?» አልኩት።

የተጣመመውን በር በግራ እጁ ተደገፈ።

«ይቅር በይኝ።»

«አይደርስም» አልኩት።

የማን ቃል እንደሆነ አወቀ። መቼ ይደርሳል ብሎ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ግን መጣ። በሩን አልዘጋሁበትም፤ ቃሌ ይህ ነውና። አስቀመጥኩትም አልልም። ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ ሲደክመው ይሄዳል። አንዳንዱ ቀን ዝናብ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት፤ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ እሁድ፣ ያደረጉትን ይናገሩ አልኩት።

ተናገረ።

«አልሰማሁም።»

ደገመው።

«ጮክ ይበሉ፤ ጎረቤትም ይስማ።»

ምን እንዳደረግሁበት አልጠፋውም። ቆቡን አወለቀና ጮኾ ተናገረ፤ ወንድሜን እጁን አሳስሬ ገደልኩት አለ። ፊት ለፊት ያለው መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ። ይቀልለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ይልቅ ያ በመጋዘኑ ዓይኑን ወደ መሬት የጣለው ጭነት አውራጅ ትዝ አለኝና እኔም ዓይኔን ጣልኩ።

በሚቀጥለው ሲመጣ በብብቱ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፈታው። የባሌ መላጊያ ነው። ያን አናጢ እንዴት አድርጎ እንዳስጣለው አልጠየቅሁም።

«ፍቀጂልኝ» አለ።

ከወንድሙ ሲጠብቅ የኖረውን ቃል ራሱ ተናገረው። ከመንገዱ ገለል አልኩለት።

በሩን ለማውረድ ብቻ ብዙ ፈጀበት። በግራ እጁ ይገፋል፣ በዚያ ጉንድሽ መዳፉ አናቱን ይጫናል፤ መላጊያው ያመልጠዋል፣ ይረግማል፣ ይመልሰዋል። ላግዝ አላልኩም። በትክክለኛው ወገን ነበር የሚልገው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በሩን መልሶ ሰቀለው። ፊቱ አላማረም፣ እዚህም እዚያም ተቦጭቋል። ግን በአንድ ጣት ስገፋው ድምፅ ሳያሰማ ሄዶ ገጠመ።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ውኃ አመጣሁለት። ብርጭቆውን በግራ እጁ ሲቀበለኝ ተናገርኩ።

«ደርሷል ጋሼ። ይውሰዱት።»

ጋሼ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ምኑን?» አለ።

«የጠየቁኝን።»

ውኃውን አልጠጣውም። ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ በዚያች በቀረችው አውራ ጣት ዓይኑን ጠረገ። ብዙ አልቆየም። ሲሄድ ከኋላው አየሁት። የወንድሙ ትከሻ ነው፤ ሸሚዙ ላይ ሳጋቱራ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል። ላራግፍለት እጄን አንስቼ ነበር፤ ተውኩት።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለባሌ ያልኩት እሺ የትኛው እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ የምነግረው ግን የለም። በሩም አይጮህም። ማታ ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ጆሮዬ አሁንም ወደዚያ ይሄዳል፤ የሚሰማ ነገር የለም።